ጽጌረዳችን በክረምት የሚሞተው ከሥሩ ነው

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በትምህርት ቤታችን የ50ኛ ዓመት በዓል ላይ የአትክልት ማኅበራችንን ወክዬ እንድናገር በመታዘዜ ደስታዬ ታላቅ ነው። ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር ያማረ ንግግር አሰምተዋል። እኔ ግን የመጣሁት ስለ 24 የጽጌረዳ ችግኞች ልነግራችሁ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 17ቱ ሞተዋል። ለምን እንደ ሞቱ የተማርነውን ብነግራችሁ፣ በግቢያችሁ ጽጌረዳ ያላችሁ ሁሉ ትጠቀሙበታላችሁ ብዬ አምናለሁ። ከዚህም ሌላ በእነዚህ ጽጌረዳዎች ምክንያት በአንድ ሰው ላይ በደል ሠርተናልና፣ ይህን በአደባባይ ሳልናገር ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥቼ ብሄድ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፣ ለዚህ በዓል ግቢያችን አምሮ እንዲታይ በማሰብ፣ የማኅበራችን አባላት ገንዘብ አዋጥተን ችግኞቹን ገዛን። ከሰንደቅ ዓላማው ፊት ለፊት ያለውን ሜዳ መረጥን፤ ምክንያቱም ከበሩ የሚገባ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ያንን ቦታ ስለ ሆነ ነው። ጥልቅ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈርን። ጉድጓዱንም ከጫካ ባመጣነው ለስላሳ አፈርና ከከብት በረት በወሰድነው ትኩስ ፍግ ሞላነው። የአትክልት ሠራተኛችን፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ፣ ቆመው አዩንና «ልጆቼ፣ ይህ ቦታ ውሃ ይተኛበታል፤ ከላይ ከግንቡ አጠገብ ብታደርጉት ይሻላል» አሉን። እኛ ግን በመጽሐፍ የተማርን ነን ብለን ምክራቸውን ከቁም ነገር አልቈጠርነውም። አሥራ ሰባቱን በሜዳው ላይ ተከልን፤ ቦታ ያልበቃቸውን ሰባቱን ለጋሼ ተውንላቸው። እሳቸውም በግንቡ ጥግ ድንጋይና አፈር ከምረው ከፍ ባለው ላይ ተከሏቸው።

ከዚያም ክረምቱ ገባና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። በመስከረም ስንመለስ ጽጌረዳዎቻችን ቆመው አገኘናቸው። ትንንሽ እምቡጥም አውጥተው ነበርና እጅግ ደስ አለን። ነገር ግን ደመናው ተገፎ ፀሐይ መውጣት እንደ ጀመረች ቅጠሎቻቸው በቀትር እየጠወለጉ፣ ከታች ወደ ላይ እየቢጫ ሄዱ። ውሃ ጠምቷቸው ነው ብለን ተራ አውጥተን ጠዋትና ማታ አጠጣናቸው። ባጠጣናቸው መጠን ይብሱን ጠወለጉ። ጥቅምት ሲገባ አሥራ ሰባቱም እንጨት ሆነው ቀሩ። በግንቡ ጥግ ያሉት ሰባቱ ግን አበባ በአበባ ሆነው ነበር።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ሁላችንም በጋሼ ላይ ተነሣን። «የራሳቸውን ሲንከባከቡ የእኛን ጣሉብን፤ ምክራቸውን ስላልሰማን ቂም ይዘው ነው» አልን። ደብዳቤ ጽፈን ከሰስናቸው። የማኅበሩ ጸሐፊ እኔ ስለ ነበርሁ ደብዳቤውን የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። እሳቸውም ተጠርተው ተወቀሱ። አንዲት ቃል እንኳ አልመለሱም ይባላል።

ከጥቂት ቀን በኋላ የደረቁትን ለመንቀል ወደ ሜዳው በሄድሁ ጊዜ ጋሼ ከበስተኋላዬ መጥተው ቆሙ። «ልጄ» አሉኝ፤ «እነዚህ በጥም አልሞቱም። ውሃ ጠጥተው ሰክረው ነው የሞቱት። አንዱን ንቀልና ሥሩን እይ።» እኔም በልቤ እየሳቅሁ አንዱን ሳብሁት። እንደ ሽንኩርት በአንድ እጅ ተነቅሎ መጣ። በውስጡ ነጭ ሆኖ መታየት የነበረበት ሥር ጠቁሯል። በጣቴ ስነካው ልጡ እንደ እርጥብ ወረቀት ተንሸራቶ ወጣና እንደ ክር የቀጠነ ነገር ብቻ ቀረ። ሽታው የቆመ ፍሳሽ ሽታ ነበር። ውሃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አንድም አልተረፉም። አሥራ ሰባቱን ሁሉ ነቀልኋቸው፤ ሁሉም እንደዚያው ነበሩ። ይህን ባየሁ ጊዜ ሳቄ ጠፋ።

የሥነ ሕይወት መምህራችን ነገሩን በሰሙ ጊዜ ለማኅበራችን ይህንኑ እንድናጠና ሥራ ሰጡን። ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ያገኘነውን ነው።

እኛ ቅጠል የሚተነፍስ መሆኑን እናውቃለን፤ ሥርም እንደሚተነፍስ ግን እንዘነጋለን። ደኅና አፈር እፍኝ ሙሉ ቢያዝ ግማሹ ያህል ጠጣር ነገር ነው፤ ሌላው ግማሽ ትንንሽ ቀዳዳ ነው። በቀዳዳው ውስጥ ውሃና አየር ተካፍለው ይኖራሉ። ዝናብ ሲበዛና ውሃው መውጫ ሲያጣ ግን ውሃ ቀዳዳውን ሁሉ ይይዝና አየሩን ያስወጣዋል። ኦክሲጅን በውሃ ውስጥ የሚሄደው በአየር ውስጥ ከሚሄድበት ፍጥነት ወደ 10,000 ጊዜ ያህል ዝግ ብሎ ነው። በአፈሩ ውስጥ የቀረውንም ጥቂት ኦክሲጅን ሥሮቹና በዓይን የማይታዩት የአፈር ነፍሳት በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይጨርሱታል። ትኩስ ፍግ ያለበት ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ ፍጉ ሲበሰብስ ኦክሲጅን ስለሚፈጅ ነገሩ ይፋጠናል።

ታዲያ ሥሩ አየር ሲያጣ ምን ያደርጋል? እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ የጋኑን አፍ እንደሚደፍኑ ታውቃላችሁ። እርሾው አየር ስለማያገኝ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። የታፈነ ሥርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አየር ያለው ሥር ከአንዲት የስኳር ቅንጣት 30 ያህል እጅ ኃይል ሲያገኝ፣ የታፈነው ሥር የሚያገኘው ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ የተጠራቀመ ስኳሩን በከንቱ ይጨርሳል፤ አልኮልም በውስጡ ይፈጠራል። እንግዲህ ጋሼ «ሰክረው ነው» ያሉት ቃል ቀልድ ሳይሆን ለእውነት የቀረበ ነገር ነበር።

ኃይል ያጣ ሥር ውሃ የሚያስገባባቸው በሮች ይዘጋሉ። ተክሉ እስከ አንገቱ በውሃ ውስጥ ቆሞ ሳለ ይጠማል። ቅጠሉም ልክ ውሃ እንዳጣ ተክል ይጠወልጋል። እኛን ያሳሳተን ይህ ነው። የጥምን ምልክት አይተን ውሃ ጨመርን፤ የጨመርነው ውሃ ግን የቀረችውን ትንሽ አየር አስወጣት። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የደከመ ሥር ሌላም ጠላት ይመጣበታል። በእርጥብ አፈር ውስጥ ፊቶፍቶራና ፒቲየም የሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ። ሻጋታ ይመስላሉ እንጂ ከእውነተኛው ሻጋታ ወገን አይደሉም። ዘራቸው ሁለት ጅራት የመሰለ ነገር ስላለው በውሃ ውስጥ ይዋኛል፤ የቆሰለና የደከመ ሥር ሲያገኝ ተጣብቆ ይገባና ያበሰብሰዋል። ፊቶፍቶራ የሚለው ስም ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ ትርጓሜው «ተክል አጥፊ» ማለት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ የድንች ሰብልን አጥፍቶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረኃብና በበሽታ እንዲያልቅ ምክንያት የሆነው የዚሁ ወገን ነበር። አፈር እስከ ደረቀና አየር እስካለበት ድረስ ግን ይህ ዘር የሚዋኝበት መንገድ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሥሩ በሐምሌና በነሐሴ ከሞተ፣ በመስከረም እምቡጥ ያወጣው እንዴት ነው? መልሱ ይህ ነው። በክረምት ሰማዩ ደመና፣ አየሩም እርጥብ ስለ ሆነ ቅጠል ከውሃው የሚያጠፋው ጥቂት ነው። ተክሉም በግንዱና በቅርንጫፉ ያከማቸው ስንቅ አለው። በዚያ ስንቅ ጥቂት ቅጠልና እምቡጥ ያወጣል። የበጋ ፀሐይ ስትወጣ ግን ቅጠሉ ውሃ ይጠይቃል፤ የሚልክለት ሥር ግን የለም። ስለዚህ እኛ በመስከረም ያጠጣነው በነሐሴ የሞተውን ነው። ከበላዩ አረንጓዴ ስለ ነበረ ሕያው መሰለን።

የአትክልት መጽሐፍ ስናገላብጥ በብርድ አገርም ጽጌረዳ «በክረምት» እንደሚሞት አነበብን። መጀመሪያ የእኛው ክረምት መስሎን ነበር፤ በኋላ ግን የእነርሱ ክረምት በረዶ፣ የእኛው ክረምት ዝናብ መሆኑን ለየን። ነገር ግን ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ እርሱም ሥሩ ነው። በብርድ አገር መሬቱ ሲረጋና ሲቀልጥ አፈሩ ወደ ላይ ይነሣና አዲስ የተተከለውን ችግኝ ይገፋዋል፤ ቀጫጭኑን ሥር ይበጥሰዋል። መሬቱ ረግቶ ሳለ ደረቅ ነፋስ ቢነፍስ ቅርንጫፉ ውሃ ያጣል፤ ከረጋ መሬት ሥር ምንም ሊስብ አይችልምና። ቅርንጫፉ በውርጭ ቢሞት እንኳ ሥሩና ግንዱ የተቀጠለበት ቦታ ከዳኑ ተክሉ ከታች እንደገና ይበቅላል። ሥሩ ከሞተ ግን፣ ብርዱ ሲያልፍ በግንዱ ስንቅ ጥቂት ቅጠል አውጥቶ ወዲያው ይወድቃል። በመስከረም የእኛን እንዳታለለን እነርሱንም ያታልላቸዋል። ስለዚህ የዚያ አገር ሰዎች ብርድ ሳይገባ በጽጌረዳው ግርጌ አፈር ይከምራሉ፤ በረዶም ሲወርድ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ይሸፍንላቸዋል።

ከዚህ የሚያስደንቅ ነገር ተምረናል። በብርድ አገር ክረምት ጽጌረዳ ተኝቶ ስለሚያርፍ ሥሩ የሚፈልገው ኦክሲጅን ጥቂት ነው፤ በውሃ ቢያዝ እንኳ ጥቂት ጊዜ ይታገሣል። በእኛ ክረምት ግን አፈሩ አይቀዘቅዝም፤ ጽጌረዳውም አይተኛም። እያደገ ሳለ ይታፈናል፤ ስለዚህም ፈጥኖ ይሞታል።

በተለይ ይህ የሚጸናው በጥቁር አፈር ላይ ነው። ጥቁር አፈር ወይም መረሬ የምንለው በአገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ይሸፍናል፤ ከዚህም ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህሉ በደጋው ነው። በበጋ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ደግሞ አብጦ ስንጥቁንና ቀዳዳውን ሁሉ ይዘጋል። የትምህርት ቤታችን ሜዳ እንዲህ ያለ አፈር ነው። እኛ በዚህ ጠንካራ አፈር ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረን በለስላሳ አፈር ስንሞላው፣ ሳናውቀው 17 ጋኖች ቀበርን ማለት ነው። ከዙሪያው የሚፈስሰው ዝናብ ወደ ለስላሳው አፈር ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም።

አባቶቻችን ይህን ከእኛ አስቀድሞ ያውቁት ነበር። በጥቁር አፈር ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው፤ ዘሩም በመሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል። በማሳቸውም ላይ ውሃ የሚወጣበትን ፈሰስ ያወጣሉ። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ ገበሬዎች ከነቤተ ሰባቸው አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ከፍ ያለ መደብና በመካከሉ ቦይ ያበጃሉ። በአዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከልም ከአገራችን ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ፣ ሁለት የገበሬ ማረሻ ጎን ለጎን በማያያዝ እንዲህ ያለ መደብ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቷል። ጋሼም በግንቡ ጥግ ድንጋይና አፈር በከመሩ ጊዜ የሠሩት ይህንኑ ነበር።

ጽጌረዳ በአገራችን ባዕድ አለመሆኑንም ላስታውሳችሁ እወዳለሁ። በደጋ በጫካ ዳርና በተዳፋት ላይ ነጭ አበባ የሚያወጣው፣ ልጆች ሆነን ፍሬውን የለቀምነው ቀጋ ጽጌረዳ ነው። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ጽጌረዳ እርሱ ብቻ ነው። ዛሬም በዝዋይ፣ በሆለታና በደብረ ዘይት የሚለማው ጽጌረዳ ወደ ውጭ አገር ይላካል፤ አገራችንም በዚህ ንግድ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ትገኛለች። በእነዚያ እርሻዎች ጽጌረዳው ከፕላስቲክ ጣራ በታች ስለሚያድግ ዝናቡ በሥሩ ላይ አይወርድም፤ ውሃውም ተለክቶ በቀጭን ቧንቧ ጠብ ጠብ እያለ ይሰጠዋል። እኛ ጣራ መሥራት ባንችልም ቦይ መቆፈር እንችላለን።

እንግዲህ ጽጌረዳ ለመትከል የምታስቡ ወላጆችና ተማሪዎች ብታደርጉት የሚጠቅማችሁ ይህ ነው።

አንደኛ፤ ሳትተክሉ መሬቱን ፈትኑ። 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት። ጥቁር አፈር በበጋ ስለሚሰነጠቅ የመጀመሪያውን ውሃ ስንጥቁ ይውጠዋልና በዚያ አትታለሉ፤ አፈሩ እስኪጠግብ ደጋግማችሁ ሙሉት። ከዚያ በኋላ የሞላችሁት ውሃ በማግሥቱም ከጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ ቢገኝ በዚያ ቦታ ጉድጓድ ውስጥ ጽጌረዳ አትትከሉ። እኛ በሜዳው ስንፈትን ውሃው እስከ ማግሥቱ ቆየ፤ በግንቡ ጥግ ግን ቀትር ሳይሆን አለቀ።

ሁለተኛ፤ ወደ ታች ከመቆፈር ይልቅ ወደ ላይ ከምሩ። 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ አብጁ፤ በዙሪያውም ወደ ዝቅተኛው ቦታ የሚወርድ ቦይ አውጡ። መውጫ የሌለው ቦይ ሌላ ጋን ነውና ተጠንቀቁ።

ሦስተኛ፤ ፍጉ በደንብ የበሰበሰ ይሁን። ትኩሱን በሥሩ ላይ አታድርጉ።

አራተኛ፤ ከክረምት በኋላ ጽጌረዳችሁ ቢጠወልግ ማጠጫውን ከማንሣታችሁ በፊት ጣታችሁን ወደ አፈሩ አስገቡ። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ከጠወለገ፣ የጎደለው ውሃ ሳይሆን አየር ነው። በቶሎ ከተደረሰበት ውሃውን በቦይ በማስወጣት፣ ወይም ችግኙን አንሥቶ የበሰበሰውን ሥር በመቁረጥና ከፍ ባለ ቦታ በመትከል አንዳንዱን ማዳን ይቻላል።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት የቀረኝን ዕዳ ልክፈል።

ጋሼ፤ እዚያ ከበሩ አጠገብ ቆመው አይዎታለሁ። በእርስዎ ላይ የተጻፈውን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። እውነቱን ካወቅን በኋላ ደብዳቤውን የሚሽር ሌላ ደብዳቤ ጽፈን ሁላችንም ፈርመንበታል። ነገር ግን የተወቀሱት በአደባባይ ተወርቶ ስለ ነበረ፣ ይቅርታውም በአደባባይ ሊሆን ይገባል። ሥሩን ሳናይ በቅጠሉ ፈረድን። በማኅበራችን ስም ይቅር እንዲሉን እለምንዎታለሁ።

ታናናሾቼ ሆይ፤ ባለፈው ሳምንት በሰንደቅ ዓላማው ፊት ለፊት 17 አዲስ ችግኞች መተከላቸውን አይታችኋል። በዚህ ጊዜ የመደቡን ከፍታ የለኩልንና የቦዩን መንገድ ያሳዩን ጋሼ ናቸው። ዛሬ አምረው ይታያሉ፤ ይሁን እንጂ ያለፉትም በግንቦት እንዲሁ ያማሩ ነበሩ። የሚፈተኑት በሐምሌና በነሐሴ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ እዚህ አልገኝም። በዕረፍት ጊዜ ቤታችሁ ለዚህ ግቢ የሚቀርብ ልጆች፣ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ እየመጣችሁ ከጋሼ ጋር ቦዩ በደለል አለመዘጋቱን እንድታዩልኝ አደራ እላችኋለሁ። አካፋው ከዕቃ ቤቱ በስተጀርባ ተቀምጧል።